«ወስደሽ የት ልታደርጊው ነው?»

ባለፈው ክረምት የአንድ ወዳጄ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሐረሪኛ የሚናገሩ አዛውንት እንዳፈላልግላት ለመነችኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቋንቋ ታጠናለች። እዚህ ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ይዣት ሄድኩ። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ልጅቷ ስልኳን ለድምፅ መቅጃ አመቻችታ ሁለት መቶ ገደማ ቃላት የተደረደሩበት ወረቀት አወጣች። በአሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ በሞሪስ ስዋዴሽ ስም የሚጠራው፣ የቋንቋ ተማሪ የትም አገር ይዞት የሚዞረው ዝርዝር ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ውሃ፣ እሳት እያለች ጠየቀች፤ እሳቸውም መለሱ። «በረዶ» አለች፤ መለሱ። ጥቂት ቆይታ እንደገና «በረዶ» አለች። «ቅድም ነገርኩሽ እኮ ልጄ፣ አልቀዳልሽም እንዴ?» አሏት። ዝርዝሩን ያሰናዱት ሰዎች ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንና ውሃ ረግቶ የሚሆነውን በሁለት ቃል ስለሚጠሩ፣ ነገሩ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ሁለቱም በረዶ ሆነው ቁጭ ብለዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የተቀመጥነው ነደባ ላይ ነበር። በሐረሪ ቤት ውስጥ መደቡ አምስት ነው፤ እያንዳንዱም ስም አለው። አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ። ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትም እንዲሁ በየስሙ ይጠራል። ወረቀቱ ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም። ልጅቷም አልጠየቀችም።

ሥራው ሲያልቅ እናት ቡናውን እየቀዱ «ይሄን ሁሉ ወስደሽ የት ልታደርጊው ነው?» አሏት። ልጅቷ «ለጥናት ነው» ብላ ዝም አለች። የባሰ ያሳፈረኝ ግን እኔም የምጨምርላት አለማግኘቴ ነው።

ልጅቷን አልወቅስም። ድምፅ እንዴት እንደሚተነተን፣ ቃል እንዴት እንደሚመዘዝ፣ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚፈታ ተምራለች። ሥራዋን ከመምህሯ ሌላ ለማንም እንድታስረዳ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። የማስረዳት ችሎታ ከተመረቁ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ይመስለናል። ለእኔ ግን የጥናት ሥልጠናው ግማሽ አካል እሱ ነው፤ መማሪያው ቦታም እዚሁ ሐረር፣ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ በሚገኝ ኮሳይ በተባለ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመስታወት የታጠረ የቋንቋ ቤተ ሙከራ አለው። ጎብኚው ቆሞ ያያል፤ ከፈለገም ገብቶ ይሳተፋል። በዋሽንግተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተ ፕላኔት ወርድ የተባለ ስለ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሙዚየም አለ፤ እዚያም የሜሪላንድ፣ የሃዋርድና የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድነት ጥናት ያካሂዳሉ። ጋሎዴት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የምልክት ቋንቋም አልተረሳም። በእነዚህ ቦታዎች ተማሪው ከማያውቀው መንገደኛ ፊት ቆሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚያጠና ይናገራል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሙከራውን ያደርጋል፣ ከዚያም ምን ለማወቅ እንደፈለገ ገልጦ ያስረዳል። መንገደኛው ካልገባው ትቶት ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ መምህር የለም።

ከእነሱ ይልቅ እኛን የሚያስፈልገን ነገር ነው የምለው በታሪካችን ምክንያት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሐረሪኛ ቃል ግን አፋፉን አልፎ ባሕር ተሻግሯል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የቆየው ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በተከታዩ ዓመት ለንደን ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ግን የሐረሪኛ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር ነበረበት። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ሐረር ቋንቋና ታሪክ ጻፈ። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1963 የሐረሪኛን ቃላት ሥርወ ቃል የሚያሳይ መዝገበ ቃላት በአሜሪካ አሳተመ። ሁሉም ትልቅ ሥራ ነው፤ ሁሉም የተጻፈው ቃሉን የሰጡት እናቶችና አባቶች በማያነቡት ቋንቋ ነው። የእኛዋ ተማሪ ጽሑፍም ያው ነው። ቅጂውን ለእናት ወስጄላቸው ነበር፤ ገልጠው ገልጠው «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ስማቸው የለም፤ «መረጃ ሰጪ አንድ» ይላል። ስምን መደበቅ የጥናት ሥነ ምግባር መሆኑን አስረዳኋቸው። «ማን ደብቂ አላት?» አሉ።

ሙዚየሙ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለኝ፣ በገንዘብ የማይገዛ ብዙ ነገር አለ። ስስ ወረቀት ከአፍ ፊት ለፊት ይያዝና «ተ» ይባል፤ ወረቀቱ ይርገበገባል። «ጠ» ሲባል ግን እምብዛም አይነቃነቅም፤ ጉሮሮ ተዘግቶ የአፍ አየር ብቻ ስለሚፈነጥቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጠጅና ጠላ ሲል የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ወይም «ሐረር» ተብሎ ይጻፍና አንድ ሐረሪ፣ አንድ ሶማሌና አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ሐ»ን ይጥሩት። ለእኛ «ሀ» «ሐ» «ኀ» የፊደል ጣጣ ብቻ ናቸው፤ በሐረሪኛና በሶማልኛ ግን ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ዛሬም በሕይወት አለ። ፕራት የተባለውና በነፃ የሚገኘው የኮምፒውተር ፕሮግራም ልዩነቱን በሥዕል ያሳያል።

ከሁሉ የምወደው ግን የሚከተለውን ነው። አሜሪካዊቷ ጂን በርኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕፃናት የማይታወቅ ፍጥረት ሥዕል አሳይታ የፈጠራ ስም ሰጠችው፤ ከዚያም ሁለት ሲሆን ምን እንደሚባል ጠየቀቻቸው። ሕፃናቱ ሰምተውት የማያውቁትን ቃል አብዝተው መለሱ። ደንቡን አውቀውታል ማለት ነው። ይህን ሙከራ ወደ አማርኛ ገልብጣችሁ ሐረር ብታመጡት የመጀመሪያው ሕፃን ያፈርስባችኋል። «ይህ ዲፍ ነው። አሁን ሁለት…» ብትሉት «ሁለት ዲፍ!» ይላችኋል። ልክ ነው፤ እኛ ሁለት ሰው፣ ሦስት ዳቦ እንላለን። መቁጠሪያውን ትቶ «ብዙ ሆነው መጡ፤ እነማን መጡ?» ብሎ መጠየቅን ተማሪው የሚማረው ከዚያ ሕፃን እንጂ ከመጽሐፉ አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ ቤት ሐረሪኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ የምትናገር ልጅ ትመጣለች። ዲፎች ትል ይሆን፣ በሐረሪኛ ዲፋች፣ ወይስ በኦሮምኛ ዲፎታ? ጠያቂው በየትኛው ቋንቋ ሰላምታ እንደሰጣት ሊወስነው ይችላል። ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። እዚህ አገር ስለ ቋንቋ መጠየቅ የዋህ ጥያቄ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪኛና ኦሮምኛ ናቸው፤ በከተማው ውስጥ ያደገው አማርኛ ተናጋሪም ብዙ ነው፤ ሶማልኛ፣ ጉራጊኛና ሌሎችም ይሰማሉ። «የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ምንድን ነው?» ስትለው ሰውየው «ከየትኛው ወገን ነህ?» ብለህ እንደጠየቅኸው ይሰማዋል፤ መልሱንም ለሰሚው ጆሮ ያስተካክላል። በክፍል ውስጥ የተዘጋጀ መጠይቅ ይህን ፍርሃት አያውቀውም። ሙዚየም ውስጥ ሰው ፊቱን ሲያጠቁር ያየ ተማሪ ግን በማግስቱ ጥያቄውን ይለውጣል። «ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ከማን ጋር አወራህ? በምን ቋንቋ?» ይላል። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ይፈታል፤ የሚገኘውም መረጃ የተሻለ ነው። በእኔ ግምት ለሕዝብ ማስረዳትን ከጥናቱ የሚለይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሙዚየም ጫጫታ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው። አዛውንት ረጅም ታሪክ ሲያወሩ መቅዳት ቤታቸው ነው የሚያምረው፤ ጥራት ያለው ድምፅ የሚፈልግ ጥናትም እንደዚያው። አስጎብኚዎቹ እንጀራችን ተነካ ብለው እንዳይከፉም ከመጀመሪያው ከእነሱ ጋር መምከር ይገባል፤ ለነገሩ ማንን ምን መጠየቅ እንደማይገባ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሕፃን ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ይህም የሥልጠናው አካል ነው።

ቦታ አይጠፋም። በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ የጥንት መጻሕፍትና የተቀዱ ዜማዎች አሉት። ድሬዳዋ የሚመርጥ ደግሞ የባቡር ጣቢያውን ይያዝ፤ «ሀዲድ» ከዓረብኛው ብረት፣ «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ የመጣበትን መንገድ እዚያው ቆሞ መናገር ይቻላል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለሐረር ቅርብ ነው፤ ድሬዳዋም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሁለት ተማሪና አንድ መምህር ይበቃል። እንደ ሐረሪ ቤት በተሠራ ሙዚየም ውስጥ ከሆነማ ጠረጴዛም አያስፈልግም። ጎብኚው ጊዲር ነደባ ላይ ይቀመጥ፣ ተማሪው ዝቅ ብሎ ጢት ነደባ ላይ። የመጀመሪያው ጥያቄም የተቀመጡበትን ምን ብለው እንደሚጠሩት ይሁን።