ዱቄት ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬም «ለዚች ካፕኬክ ይሄ ሁሉ ብር? ዱቄት አይደል እንዴ!» ተባለ። ኧረ ወላሂ በቃ! ለ12 ፍሬ 120 ግራም ዱቄት ይበቃል፤ እሱ ከወጪው ትንሽ ድርሻ ነው። 120 ግራም የገበታ ቅቤውስ? ስኳሩስ? ሁለቱ እንቁላልስ? የወረቀት ኩባያውስ? በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ የሚቆጥረው መብራትስ? እሱም መሀል ላይ ከጠፋ ሊጡ ሳይረጋ ይሰምጣል፤ መብራት ቢመጣም መልሶ አይነሳም። ያን ኪሳራ ማን ይክፈለው? ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ያህል ካልተቀነሰ ኬኩ ቶሎ ያብጥና ይወድቃል። ይሄ እስኪለመድ ስንት እንቁላል ባከነ! ብዙ ጋግሮ ማስቀመጥም አያዋጣም። ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ ያልበዋል፣ ፍሪጅ ከገባ ይደርቃል፤ ጥሩ ክዳን ባለው ዕቃም ለስላሳነቱ ከ2 ቀን አይዘልም። ድካሙ ገና አልተቆጠረም!