የ80 ሚሊ ሜትር ጌጥ

ሰሞኑን ሐዋሳ ላይ ሳይክል ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዟል፤ «የትኛው ቸርኬ ይፈጥናል? 50 ወይስ 80 ሚሊ ሜትር?» ቁጥሩ የቸርኬው ጥልቀት ነው፤ ከጎማው ወደ መሐል የሚወርደው ቁመት። ጠያቂው ከፒያሳ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ባጃጅ ኋላ ተለጥፎ፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። የልቡ ጥያቄ «የትኛው ያምርብኛል?» ነበር። እንዲያ ቢል ማን ይቆጣዋል? ጥልቅ ጥቁር ካርቦን ያምራል። የሚያናድደው ለጌጡ ነፋስን የሐሰት ምስክር አድርጎ መጥራቱ ነው።

ነፋስ እውነቱን ቢመሰክርማ ጉዱ ይፈላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱን ለመርታት የሚያስፈልገው አቅም ደግሞ ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ጥልቅ ቸርኬ ውለታ የሚውለው በ35 እና በ40 ለሚበር እግር ነው። ያኔም ቢሆን አየሩን በብዛት የሚገትረው ቸርኬው አይደለም፤ ከላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ከግፊቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ የእሱ ገላ ድርሻ ነው።

ገላ ካነሳን አይቀር፣ ያ ጃኬት! ዚፑን እስከ እምብርቱ ከፍቶ፣ ጨርቁ ከኋላው እየተርገበገበ፣ ደረቱን እንደ በር ገትሮ ይነዳል። ያን ዚፕ መዝጋትና ክርን አጠፍ አድርጎ ጎንበስ ማለት ከማንኛውም ቸርኬ የበለጠ ያተርፋል፤ ዋጋውም ዜሮ ብር ነው። ግን ዚፕ ተዘግቶ ማን ያያል? በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ በጎዳና ውድድር 24ኛ የወጣው ሳይክለኛው ገረመው ደንቦባ የጋለበው ካርቦን ቸርኬ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ 24ኛ ቀርቶ እዚሁ ሞኖፖል ሰፈር ድረስ ያልጋለበው ሁሉ «ቸርኬዬ ያዘኝ» ይላል።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያለ ሰው ነፍሱን ይማር። ሽምብራ አላለም፣ ባቄላም አላለም። ጤፍ ስትሰፈር ትፈሳለች፣ ስትመለስ ቁናው ሞላ አልሞላም ተብሎ ጎረቤት ይጣላል። ችግር ሳይኖር እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ የሚገባውን ሰው በሦስት ቃል ጨረሰው። ደግሞ ብድሩን የሚያስመልስ ሁልጊዜ አለ፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ነው። 80ው ከፊት ከታሰረ ነፋሱ በጎን ሲመጣ መሪውን ይጠመዝዘዋል፤ ያውም ባጃጁ አጠገቡ ሲደርስ። የኋላው ጎማ መሪ ስለማይዝ ጥልቀትን ይችላል። ስለዚህ ልብ ያለው ከፊት 40 ወይም 50፣ ከኋላ 60 ያስራል። ሁለቱንም 80 የሚያስረው ፎቶ የሚነሳው ነው።

ስፋቱን ደግሞ የሚጠይቅ የለም። የቸርኬው የውጭ ስፋት ከጎማው ቢያንስ 5 በመቶ መብለጥ አለበት፤ ለ28 ሚሊ ሜትር ጎማ 29.4 መሆኑ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ነፍታችሁ በካሊፐር ለኩ፣ ሰፊ ቸርኬ ላይ ያብጣልና። ጎማው ከቸርኬው ከወፈረ አየሩ ጎኑን ይዞ መፍሰሱን ትቶ ይበተናል፤ ያ ሁሉ ጥልቀት ለትርኢት ይቀራል።

በቸርኬው ላይ የሚጨብጥ ፍሬን ያለውማ የበለጠ ይጠንቀቅ። ለካርቦን የተሠራ የፍሬን ጎማ ያስፈልገዋል። በአሉሚኒየም ላይ የሠራውን አውጥቶ ቢገጥም፣ ውስጡ የተሰገሰገው የብረት ብናኝ ካርቦኑን ይፍቀዋል። ከሀገረ ሰላም ወደ አፖስቶ ቁልቁል ፍሬን ሳይለቁ መውረድም ቸርኬውን አግሎ ሙጫውን ያላላዋል። እየያዙ፣ እየለቀቁ ነው።

ጎሚስታው ጋ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። «ድንጋይ እስኪሆን ልንፋልህ?» ይላል በቅንነት። ጠርዙ ጎማውን ነክሶ የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ግን ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72 ፒኤስአይ ግድም በላይ ከተነፋ ጎማው ፈንድቶ ሊወጣ ይችላል። ያውም ከተነፋ ነው፤ የእሱ መንፊያ የመኪናን ቫልቭ እንጂ የሳይክሉን ቀጭን ቫልቭ አይዝም፣ ትንሿ የናስ መቀየሪያ የግድ ናት። በ80 ቸርኬ ላይ ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ጫፉን እንኳ ብቅ አያደርግም።

ለማንኛውም 50 ወይስ 80 ለተባለው፣ 80ው ያምራል። የገዛችሁት ቫልቭ ማስረዘሚያውን አብራችሁ ግዙ።