ሁሉንም በአንዴ ንገሩን

ከሜሪላንድ ጠቅልለን አዲስ አበባ ከገባን ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ዕቃውን ለማስመጣት ስንት ፈጀባችሁ?» እያለ ይጠይቀኛል። የፈጀብንን እነግረዋለሁ። ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ከባሕር ማዶ ዕቃ በርካሽ እንደማይመጣ እናውቃለን፤ ለዚያም አስቀድመን ቆጥበናል። ያንገበገበኝ «የሚያስፈልግሽ ይሄ፣ ይሄና ይሄ ነው፤ ከዚህ ሌላ የለም» ብሎ ቁርጡን የሚነግረኝ አንድ ሰው በገዛ አገሬ ማጣቴ ነው።

አሜሪካንን ላሞግስ ተነስቼ አይደለም። እዚያ የተዋዋልነው የጭነት ድርጅት የዋዛ አልነበረም። ዕቃውን ሊገምት የመጣው ሰው በየክፍሉ እየዞረ ሶፋውን፣ አልጋውን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን በሜትር ኩብ ለካና ብዙ ገጽ ያለው ውል ላከልን። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ የእኛ ዕቃ ያን አይሞላም። ከሌሎች ጋር በጋራ ብንጭን ይረክሳል፤ ነገር ግን የአንዱ ወረቀት ከጎደለ የሌላውም ዕቃ አብሮ ሊቆም እንደሚችል ተጽፏል። ራሳችን ባሸግነው ካርቶን ውስጥ ለሚሰበር ዕቃ ኢንሹራንሱ እንደማይከፍል ተጽፏል። መድረሻው ላይ ያለው የወደብ ክፍያ፣ ቀረጥና የመጋዘን ኪራይ ከዋጋው ውጪ እንደሆነም ተጽፏል። ለትልቁ መስተዋት የሚሠራው የእንጨት ሣጥን በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳይ ማህተም እንደሚያስፈልገው እንኳ አልተረሳም። ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ ያደክማል፤ አንዳንዱ አንቀጽ ድርጅቱ ራሱን ለማዳን ብቻ ያስገባው ነው። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስናነበው በእነሱ በኩል የሚጠብቀን ሁሉ ፊታችን ላይ ተዘርግቶ አየነው።

የምንተወውንም በዚያው ለየን። ፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው እዚያው ቀሩ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ሞተር ያለው ዕቃ ደግሞ ይህን አይወድም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ መኪናችንንም ሸጥናት። ሊመለስ የሚያስብ ሰው እነዚህን አስቀድሞ ቢያውቅ ለማይጠቅመው ዕቃ ኪራይ አይከፍልም።

መርከቡ ዘገየ፤ በዚያ ማንንም አልወቅስም። በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ከጀመሩበት ከ2016 መጀመሪያ አንስቶ ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር እንደመረጡ የሚታወቅ ነው። ወደ አገራችን ከሚመጣው ሸቀጥ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው፤ እኛ የራሳችን ወደብ የለንም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ታገሥን።

ትዕግሥቴ ያለቀው ዕቃው አገር ውስጥ ከገባና ከደረቅ ወደቦቹ፣ ማለትም ከባሕር ርቀው ኮንቴይነር አርፎ ጉምሩክ ከሚፈተሽባቸው ግቢዎች፣ በአንዱ ካረፈ በኋላ ነው። ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃን ያለ ቀረጥ የሚያስገባ መብት አለ። ትልቅ ነገር ነው፤ አገሬ ይህን ስላሰበችልኝ አመሰግናለሁ። የኤምባሲ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ የዕቃ ዝርዝር ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው መስኮት ዝርዝሩም ማህተም ይኑረው አለ። ማህተም ያለበትን አመጣን። ሁለተኛው መስኮት ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ ያለው የባለቤቴ ስም እስከ አባቱ ብቻ ነው፣ መታወቂያው ላይ ግን አያቱም አሉ፤ አንድ ሰው ስለመሆኑ ማስረጃ አምጡ አለ። አሜሪካ ውስጥ ስም በአባት እንደሚቆም የማያውቅ ተመላሽ የለም። ከእኛ በፊት ስንቱ በዚያ መስኮት አልፏል! ታዲያ «ስማችሁን እስከ አያት አስጽፉ» የሚል አንዲት መስመር ከመጫናችን በፊት ብትደርሰን ምን ነበረበት? ማስረጃውን ስናመጣ ሌላ ወረቀት ተገኘ። የጉምሩኩን ጉዳይ የሚያስፈጽምልን ትራንዚተራችን በየጊዜው «እህቴ፣ ይቺ ብቻ ናት የቀረችው» ይለኝ ነበር፤ ይቺ ስታልቅ ሌላዋ ትመጣለች። በመሃል የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል፣ ኮንቴይነሩም ከነጻ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ክፍያ ይጨምራል። ስለ ሰዓቱ መቁጠር ግን ሁሉም በደንብ ያውቃል፤ እሱን ማንም አይረሳውም።

ሠራተኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንዷ ልጅ ድካሜን አይታ ወንበሯን ለቃልኛለች፣ ጉቦም የጠየቀኝ የለም። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ግን የራሳቸውን ወረቀት ብቻ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቀኝ ስጠይቃት «እዚያ ሲደርሱ ይነግሩዎታል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ እሷም አልተነገራትም። ለአስመጪ ነጋዴዎች የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ የሚጠይቁበት የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አልጋና መጻሕፍት ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ በቂ ነበር።

«እኛ አገር እንዲህ ነው» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። እኛ አገር እንዲህ አይደለም! የሰፈራችን ዕድር ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ሲያውስ የዕቃ ቤት ኃላፊው ቆጥሮ በመዝገብ ያስፈርማል፤ መቼ እንደሚመለስ፣ የተሰበረው በስንት እንደሚተካ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ይነግራል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንኳ ነገሩ ግልጽ ነው። ደንብ አውጥቶ አስቀድሞ መናገርን ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቅበታለን። በዕድር የምናውቀው መስኮት ጋ ሲደርስ የት እንደሚጠፋ ነው ያልገባኝ።

በመጨረሻ ዕቃው ተለቀቀና በጭነት መኪና ግቢያችን በር ደረሰ። የባለቤቴ ወንድሞችና የጎረቤት ልጆች ሊያወርዱ ተሰብስበው ነበር። መኪናው ሳይቆም የጫኝና አውራጅ ልጆች ከበቡት። «እናት፣ እኛ ማኅበር ነን፣ ሰፈሩ የኛ ነው» አሉኝና ዋጋ ጠሩ። የጠሩት ዋጋ ከደረቅ ወደቡ እስከ ቤታችን ለመኪናው ከከፈልነው ጋር የሚቀራረብ ነበር! በራሳችን ሰዎች እናወርዳለን ብንል እንቢ አሉ፤ ሾፌሩም መዝጊያውን ለመክፈት ፈራ። ሥራ ያጣ ወጣት በላቡ እንዲያድር እፈልጋለሁ፤ የልጆቼ እኩዮች ናቸው። ነገር ግን የራሴን አልጋ በወንድሞቼ ማስወረድ መብቴ ነው። ላሠራቸው ብልስ፣ ለሶፋ ይህን ያህል፣ ለቁም ሳጥን ይህን ያህል የሚል የተጻፈ ተመን ለምን አይኖርም? እኔ ተከራክሬ ስከፍል ጎረቤቴ ወይዘሮዋ በመስኮት እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ስትገባ ያው ደርሶባቸዋል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ደግሞ ሁለት ሆነን፣ ቋንቋውን እያወቅን፣ እየተመላለስን ነው ያስጨረስነው። ከቤሩትና ከሪያድ ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥንና የልጆች ልብስ በካርቶን አሽገው በካርጎ የሚልኩት እህቶቻችንን አስባለሁ። የላኩት ዕቃ ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ ተቀባይዋ እናት ምን ይዛ መሄድ እንዳለባት ማን ይነግራቸዋል? ከአሠሪ ቤት ለመደወል ፈቃድ የምትጠብቅ ልጅ በየመስኮቱ የሚበቅለውን አዲስ ወረቀት በምን አቅሟ ታሳድዳለች? ለነሱ የሚጨመረው እያንዳንዱ የመጋዘን ቀን የወር ደሞዛቸውን ይበላል።

ያለፍኩባቸውን መስኮቶች በቅደም ተከተል፣ የጠየቁኝን ወረቀት ከሥራቸው አድርጌ፣ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሰሞኑን ቨርጂኒያ ላለች፣ በክረምት ጠቅልላ ልትመጣ ለተዘጋጀች ጓደኛዬ ላክሁላት። አንብባ ደወለችልኝና አመሰገነችኝ፤ ከዚያ ግን ዝርዝሩ ዛሬም ያው እንደሆነ ወይም የተጨመረበት ነገር እንዳለ ማንን ጠይቃ ልታረጋግጥ እንደምትችል ጠየቀችኝ። የምሰጣት ስልክ ቁጥር አልነበረኝም።