ጥያቄው ከገዢው ይልቅ የሻጩ ነው
ለዕረፍት ሁለተኛ ቤት ለሚፈልጉ ገዢዎች ቤት ስለመሸጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ በሽያጩ የሚነሣውን የግብር ጥያቄ በገዢው ማንነት ላይ አንጠልጥሎታል፤ በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ሻጩ በቤቱ እንዴት ሲገለገል እንደቆየ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 59 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል፣ ከሽያጩ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ያገለገለን ቤት ነጻ አድርጎታል። ድሬዳዋ ከዚራ ያለውን የእናታችንን ቤት በ2012 ዓ.ም. ለአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ስንሸጥ (ሰውዬው የኅዳርን ብርድ መሸሻ ነው የፈለገው) ያከራከረን፣ በመንገዱ በኩል ለልብስ ሰፊ ያከራየናት አንዲት ክፍል ነበረች፤ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል እንደሚነበበው ቀላል አይደለም። ስም ሲዛወር የሚጠየቀውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ማን እንደሚከፍልም በውሉ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።