ማስተካከያ፦ ስለ ጃካርታ የጻፍኩት ቁጥር
ባለፈው ሳምንት የኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ በ7 ዓመት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ወደ 42 ሚሊዮን ሰው ዘለለች ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁት በጣም ይቅርታ። ሁለቱም ቁጥሮች የተመድ ናቸው ግን የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም፣ እኤአ የ2018ቱ ሪፖርት የቆጠረው በአስተዳደር ወሰኗ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ነው፣ የ2025ቱ ደግሞ ቤቱ ሳይቋረጥ ተያይዞ የሚሄደውን ሁሉ፣ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች እነ ቦጎርን ዴፖክን ታንገራንግን ቤካሲን ጨምሮ። እና 32 ሚሊዮን ሰው ከገጠር ፈልሶ አልመጣም፣ አብዛኛው ድሮም እዛው ነበር። በ2025ቱ ሪፖርት ቶኪዮን በልጣ በሕዝብ ብዛት ከዓለም ከተሞች 1ኛ መሆኗ ግን ልክ ነው። ደቡብ ምስራቅ እስያ ሁሉም ከተሜ ሆኗል ያልኩትንም አንሱልኝ፣ በ2018ቱ ግምት ማሌዥያ 76 በመቶ ስትሆን ካምቦዲያ ገና 23 በመቶ አካባቢ ነበረች።