ለክቡር የሲጋራ ጭስ፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የሲጋራ ጭስ
ባሉበት (ማለትም ጋቢዬ ላይ)

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ መምጣትዎን ስለማመልከት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እርስዎ ካስያዙኝ ሳል በስተቀር ደህና ነኝ።

ልጅ ሳለሁ ምድጃ ዳር ተቀምጬ የኩበቱ ጭስ ወደ እኔ ሲዞር አያቴ «ጭስ ቆንጆ ይወዳል» ትለኝ ነበር። አምኜያት ኖርኩ። (የኩበቱም ጭስ ቢሆን ለሳንባ ጠላት እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይጠብቀዋል።) እርስዎ ግን ቆንጆ አይመርጡም። ነፍሰ ጡር፣ አራስ ልጅ፣ አስም ያለበት፣ ለእርስዎ ሁሉም አንድ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ፣ ገና ጣርማ በር ሳንደርስ ሾፌሩ ለኮሰ። መስኮቱን ጣት ታህል ከፈተና ሲጋራውን በዚያች ቀዳዳ አሾልኮ «እኔ እኮ ውጭ ነው የማጨሰው» አለን። እውነቱን ነው፣ እጁ ውጭ ነው። እርስዎን ግን ነፋሱ በዚያችው ቀዳዳ መልሶ አስገባዎትና መጥተው እኔ አጠገብ ተቀመጡ። ረዳቱ እንኳን ሂሳብ አልጠየቀዎትም። እኔ መስኮቴን ስከፍት ከኋላ ያሉ እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ዝጋው እስቲ፣ ብርዱ ሊገድለን ነው» አሉኝ። የጣርማ በርን ጉም የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ዘጋሁት።

እንግዲህ ብርዳችን ነው ባለውለታዎ። መስኮት የሚያዘጋልዎት እሱ ነው።

ከማን ጋር እንደምሳፈር ማወቅ ስላለብኝ ትንሽ አጣርቻለሁ። ከ7,000 በላይ ኬሚካል ይዘው ነው የሚዞሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር ያመጣሉ። ደግሞ ከሲጋራው ጫፍ በቀጥታ የሚጨሰው፣ አጫሹ ስቦ ከሚያስወጣው ይብሳል። አጫሹ ቢያንስ ፊልተር አለው፤ የእኔ ፊልተር ሳንባዬ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድም አለብዎት፣ ያው ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል አሉ። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ድሮም ሳሳ ያለ ነው፣ በዚያችው ነው የሚሻሙን። ቤቱ ወይም ሥራ ቦታው ውስጥ እርስዎን ሲምግ የሚውል የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ፓኮ አልገዛሁ፣ አንድ ፍሬ አልተበደርኩ፣ ዕዳው ግን ለእኔም ይደርሰኛል።

ሕግማ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በትራንስፖርት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገባበት ዝግ ቦታ ሁሉ ማጨስን ይከለክላል፤ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ቁርስ የምበላበት ቤት ግን 10 ሜትር ማለት ደፉ ላይ መቆም ነው። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ነበር። ወረቀቱን እርስዎ ራስዎ ቢጫ አድርገውታል፣ መሃሉን የዓመቱ ካላንደር ሸፍኖታል፣ አሁን የሚነበበው «ማጨስ» እና «ነው» ብቻ ነው።

ደሞ ከሄዱም በኋላ አይሄዱም እኮ! ያን ዕለት ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ፣ ገና የስምንት ወር ናት፣ እንደ ልማዷ ፊቷን ጋቢዬ ውስጥ ልትቀብር መጣች። አሸተተችኝና አስነጠሳት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ጋቢውን ከትከሻዬ ላይ አንስታ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ «ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «ሾፌሩ ነው» ብል የምታምን እናት የት አለች? እስከ ዛሬ ከገበያ ስመለስ እጄን ታሸተዋለች።

ስለዚህ በትህትና የማመለክተው፣ ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን አንድ ወንበር ይዘው ስለመጡ ሂሳብዎን ለረዳቱ እንዲከፍሉ፣ እናቴንም ቀርበው እንዲያስረዱልኝ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ሳያጨስ አጫሽ የተባለው

ግልባጭ፦
– ለሾፌሩ (እጁ ውጭ ስለሆነ በመስኮት ይሰጠው)
– ለካላንደሩ ባለቤት
– ለእናቴ፣ ለማስረጃነት