ደላላው የሚያገኛቸውን ልጆች ኤች አሩ እንዴት አጣቸው?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ አሠሪዎችና የከተማው ኃላፊዎች በተገናኙበት መድረክ አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ነገር ተናገሩ። የመጀመሪያው፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የሚፈልጉት ዓይነት ሠራተኛ እንደሌለ ነው። ሁለተኛው የመጣው ለቅጥር ሠራተኞቻቸው፣ ማለትም ሰው ፈልገው ለሚቀጥሩላቸው፣ የሥልጠና በጀት ይይዙ እንደሆነ ሲጠየቁ ነው። ማስታወቂያ ለመለጠፍ ሥልጠና አያስፈልግም አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት መካከል የኤች አር (የሰው ኃይል) ኃላፊዎችም ነበሩበት። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

የሰውየውን ስም አላነሳም። የተናገሩት የብዙ አለቆችን ሐሳብ ነው፤ እሳቸው በማይክ አሉት፣ ሌሎቹ በየቢሯቸው ይሉታል። እኔ እንጀራዬ ይሄው ሥራ ነው። ለድርጅቶች ሰው እፈልጋለሁ፣ ሰው ፈላጊዎችንም አሠለጥናለሁ። "ለራሱ ገበያ ነው የሚጮኸው" የሚለኝ ካለ ይበል። ክርክሬን ግን ይመልስልኝ።

እስቲ ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሠራተኛ ጠፍቷል። ሠራተኛ የሚፈልገውን ሰው ግን ማሠልጠን አያስፈልግም። ዕቃ ጠፋብኝ ብሎ በጨለማ ቤቱን የሚያምስ ሰው መብራት ሲሰጡት "ተወው፣ አልፈልግም" ቢል ምን ትሉታላችሁ?

"የለም" የሚለውን እንየው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ አለ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ባለሙያ ሲያወጣ ኖሯል፤ ቢራውም ብረታ ብረቱም ባለሙያ አውጥተዋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ስንቷ ልጅ ማሽን ላይ ተቀምጣ መስፋት ተማረች። በ2014 ጦርነቱ መጣ፣ ፋብሪካ ተዘረፈ፣ ሥራ ቆመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ አስወጣችን። ያኔ ከሥራ የወጡት ልጆች የት ገቡ? የትም አልገቡም፣ እዚሁ ናቸው። አንዷ ሰኞ ገበያ ሻሽ ትሸጣለች፣ ሌላዋ በርበሬ ወንዝ ሻይ ቡና ታፈላለች። የሁሉም ስምና ስልክ የኤች አሩ ካቢኔት ውስጥ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። ያንን ፋይል አውጥቶ አንድ በአንድ የደወለ የቅጥር ሠራተኛ ካለ ምሳ እጋብዛለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ወደ ደላላው።

ስለ ዐረብ አገር ደላላ ነው የማወራው። ወረባቦ ውስጥ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ያለች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እሱ ያውቃታል። ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠች ያውቃል። አባቷ ብድር እንዳለበት፣ ታላቅ እህቷ ጅዳ ሆና ገንዘብ መላክ እንዳቆመች ያውቃል። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ቆሞ ወሬ ይሰማል። በየቀበሌው ሰው አለው፤ ባለ ሱቅ ነው፣ ሹፌር ነው፣ አንዳንዴም የልጅቷ የራሷ አጎት ነው። መጀመሪያ የሚያናግረው እናትየዋን ነው። ቡና ላይ ይቀመጣል፣ "እትዬ" ይላል፣ አይቸኩልም። ስንት ብር እንደምታገኝ፣ መቼ እንደምትነሳ፣ ማን እንደሚቀበላት ቁጭ ብሎ ይነግራቸዋል። ግማሹ ውሸት ነው፤ ግን ጥያቄያቸውን ሳይመልስ አይነሳም። ማታ ሦስት ሰዓት ቢደወልለት ስልኩን ያነሳል። ሐሳቧን ብትቀይር በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ደላላውን ማወደሴ አይደለም። ይሄ ሰው ወንጀለኛ ነው። በባቲ አድርጎ አፋርን አሻግሮ ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ያደርሳቸዋል። ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። ባሕር የበላቸውን፣ በረሃ ላይ የቀሩትን የወሎ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል፤ ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት የለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰው አፈላለጉን ብቻ ነጥላችሁ እዩት። ሰዎቹ ያሉበት ቦታ ይሄዳል። የሚያምኑትን ሰው ይይዛል። የሚወስነው ማን እንደሆነ ያውቃል። ደጋግሞ ይከታተላል። ሪክሩተሮች፣ ማለትም ሰው ፈልጎ መቅጠር ሙያቸው የሆኑት፣ ሶርሲንግ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ እኔም ሳሠለጥን የመጀመሪያውን ሳምንት የማጠፋው በዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ከፋብሪካው የምትርቀው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ደላላው ባሕር ማዶ ድረስ አሳምኖ ወሰዳት። ፋብሪካው በአንድ አውቶቡስ የምትመጣዋን አጣት። ከዚያ ስብሰባ ላይ ወጥቶ "ሠራተኛ የለም" ይላል።

ደላላው ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። የእኛ የቅጥር ሠራተኛ ግን ሰው ቢያገኝም ባያገኝም ወር ጠብቆ ደመወዙን ይወስዳል። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠው አለቃ ስንት ሰው እንዳገኘ ጠይቆት አያውቅም። የሚጠይቀው ማስታወቂያው መውጣቱን ነው።

ማስታወቂያው ደግሞ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ የተለጠፈ አንድ አነበብኩ። የሥራ መደብ፦ ልብስ ስፌት ኦፕሬተር። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት። ደመወዝ፦ በስምምነት። ከዚያ ያቺ የተለመደችዋ ዓረፍተ ነገር፦ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ኮምቦልቻ በሚገኘው ቢሯችን በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ። ወረቀቱ በዝናብ ርሷል፣ ማኅተሙ ፈስሷል። ከኩታበር የምትመጣ ልጅ ይሄንን ለማንበብ ደሴ መግባት አለባት፣ ለመመዝገብ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ መድረስ አለባት፣ ለፈተና እንደገና መመለስ አለባት። ትራንስፖርት፣ ኮፒ፣ ምሳ፣ ምናልባትም ማደሪያ። ስንት እንደሚከፈላት ግን ገና አታውቅም። "በስምምነት" ነዋ! ከማን ጋር ነው የምትስማማው?

ደላላው ዋጋውን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል።

ደግሞ ስልኩ አለ። በየሥልጠናው የሚመጡ የቅጥር ሠራተኞች አንድ እሮሮ አላቸው፤ "አመልካቾች ስልክ አያነሱም" ይላሉ። ዝርዝሩን አምጡ እላለሁ። እናያለን። ከገጠር የመጣችው ልጅ የጻፈችው የራሷን ቁጥር አይደለም፤ የወንድሟን ነው፣ ወይም የጎረቤት ባለ ሱቁን። ወንድምየው ቀን እርሻ ላይ ነው። ኤች አሩ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዴ ይደውላል፣ አይነሳም፣ ስሙ ላይ ቀይ መስመር ያሰምራል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደውሉ አልኳቸው። ደወሉ። ተነሳ። ይሄ ትልቅ ጥበብ ነው ወይ? አይደለም። ግን ማንም አላስተማራቸውም፤ ለመማሪያውም "በጀት አንይዝም" ተብሏል።

ስለ ሁለት ዓመት ልምዱም ትንሽ ልበል፤ ይሄ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት የቅጥር ጥናቶችን አሰባስበው መዘኑ። የትኛው መመዘኛ ነው ሰውየው ሥራው ላይ ጎበዝ እንደሚሆን የሚነግረን ብለው ማለት ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 1 ነው። ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየት 0.54 አገኘ። ጥያቄው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለሁሉም እኩል የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ 0.51። የሥራ ልምድ ዓመት ብዛት? 0.18። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙዎቹን ቁጥሮች ዝቅ አድርገዋቸዋል፤ የልምድ ዓመትን ወደ ላይ የሰቀለው ግን የለም። እኛ ታዲያ ከደካሞቹ መመዘኛዎች አንዱን በር ላይ አቁመን ማሽን ላይ ብንፈትናቸው የሚያልፉትን ልጆች እንመልሳለን። ከዚያ ሰው ጠፋ!

"ብንቀጥራቸውም ጥለውን ይሄዳሉ" የሚለው ቀጣይ ቅሬታ ነው። እውነት ነው፣ ይሄዳሉ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርከን እዚሁ አገራችን ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾችን ተከታትለው ነበር። ሥራ ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ወጥቶ ነበር። ሥራው ውጭ ካለው አማራጭ የተሻለ ገቢ አላመጣላቸውም፣ ጤናቸውንም ጎድቷል። አለቆች ይሄን ሲሰሙ "አየህ፣ ትጋት የላቸውም" ይላሉ። እኔ የማነበው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ምን እንደሚጠብቃቸው ሳይነገራቸው ገቡ፣ አዩት፣ ወጡ። ከመግባቷ በፊት መስመሩን የሚያሳያት፣ ስምንት ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚነግራት፣ የቤት ኪራዩን አብሯት የሚያሰላ የቅጥር ባለሙያ ቢኖር ግማሿ በሩ ላይ ትመለስ ነበር። የቀረችው ትቆይ ነበር። በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ደመወዙን የቅጥር ክፍሉ አይወስነውም፣ ይሄን እቀበላለሁ። የማይኖርበት ደመወዝ ሰው አያስቀምጥም። ግን "ይሄ ደመወዝ ሰው አያመጣም" ብሎ ለአለቃው በማስረጃ መናገር የማን ሥራ ነው? ሃያ ልጅ አናግሮ፣ አሥራ አምስቱ ለምን እምቢ እንዳሉ ጽፎ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው የሠለጠነ ሪክሩተር ነው። ማስታወቂያ ለጣፊ ይሄን አያደርግም።

ሥልጠና ዋጋ የለውም ለሚሉትም የአዲስ አበባውን ላስታውሳቸው። ግምት አይደለም፣ ንግግርም አይደለም፤ በሙከራ የታየ ነው። ተመራማሪዎች ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን እንዴት እንደሚያመለክቱ አሠለጠኗቸው፣ ፈተኗቸው፣ ችሎታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ሰጧቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልሠለጠኑት ወደ 20 በመቶ በለጠ። የመፈለግ ክህሎት ለፈላጊው ይሄን ያህል ካመጣ በጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ለምን አያመጣም?

እዚህ ላይ የራሴንም ሠፈር ሰዎች አልምርም። ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ በአንድ ቀን ስላይድ አሳይቶ፣ ሰርተፍኬት አድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ "አሠልጣኝ" ሞልቷል። አንድ ክፍት መደብ እንኳ በእጁ ሞልቶ አያውቅም። ሥራ አስኪያጆቹ በሥልጠና የሳቁት እሱን አይተው ከሆነ አልፈርድባቸውም። ሠራተኛ አገናኝ ነን ባዮችም አሉ፤ ከሥራ ፈላጊው ላይ ብር ይቀበላሉ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል ነው ይላል። ሕጉ አለ፣ ተቀባዩም አለ።

በማኔጅመንት ተመርቀው "በዚህ ሙያ መኖር ይቻላል ወይ?" ብለው የሚጠይቁኝ የደሴ ልጆች አሉ። ይቻላል እላቸዋለሁ፣ ግን እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የምትቀጥሩበትን ሥራ እወቁት። ስፌት መስመሩ ላይ ሳምንት ቁሙ፣ ከመካኒኩ ጋር ቅባት ንኩ። ቀጥሎ ስልክ። በቀን ብዙ ሰው ማናገር፣ መመዝገብ፣ ላልተመረጠውም ደውሎ መንገር። ከዚያ አስቸጋሪዎቹን መደቦች ውሰዱ፤ የቦይለር ባለሙያ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ማታ ፈረቃ የሚይዝ ኤሌክትሪሺያን። የቀጠራችሁት ሰው ዓመት ሲቆይ፣ ሁለት ሲቆይ አይታችሁ ነው ሌላውን ማሠልጠን የምትጀምሩት። ይሄን መንገድ ጨርሰው የወጡትን ግን እዚህ የሚከፍላቸው የለም፤ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ከዚያ የእኛው ፋብሪካ የአዲስ አበባ ኤጀንሲ ይቀጥራል፤ ኤጀንሲው ከደሴ የሄደውን ልጅ መልሶ ወደ ኮምቦልቻ ይልከዋል፣ ሰው እንዲፈልግ። ይሄን አይቻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ለሚቀጥለው መድረክ ሲመጡ ሦስት ቁጥር ይዘው ይምጡ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አመለከተ? ካመለከቱት ውስጥ ስንቱ ማሽን ላይ ተቀምጦ ተፈተነ? ከተቀጠሩት ስንቱ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ቀረ? ሦስቱም በአንድ ገጽ ይጻፋሉ። ቁጥሮቹ ካሏቸው እንከራከራለን፣ እኔም ዝግጁ ነኝ። ከሌሏቸው ግን "ሠራተኛ የለም" ያሉት ምን ቆጥረው ነው?